የድሮ ዕዳ አይቆሰቆስም

ለአንድ ወዳጄ ገንዘብ አበድሬ ነበር። ስጠይቀው ዓይኑን ጣሪያ ላይ ሰቅሎ፣ «ስንት ነበር እሱ?» አለኝ። ከ«ሰጥቼህ የለ እንዴ?» ቀጥሎ የአበዳሪን አንጀት የሚያሳርረው ጥያቄ ይሄ ነው።

የጥንት ሰዎች ለምን አጥንት ይጭሩ እንደነበር የገባኝ ያን ቀን ነው። ኮንጎ፣ ኢሻንጎ የተገኘው አጥንት ዕድሜው 20,000 ዓመት ገደማ ነው። ላዩ በጭረት ተሞልቷል። ሊቃውንቱ «የጨረቃ መቁጠሪያ ነው»፣ «የለም፣ ሒሳብ ነው» እያሉ ዛሬም ይከራከራሉ። እኔን ቢጠይቁኝ ኖሮ የጫረው ሰው አበድሮ ነው።

የጥንቶቹ ሜሶፖታሚያዎች፣ የዛሬዋ ኢራቅ ሰዎች፣ ደግሞ ባሱ። ለበጉም ለእህሉም ትንንሽ የጭቃ ምልክት ሠርተው፣ በጭቃ ኳስ ውስጥ ያሽጉት ነበር። ለማረጋገጥ ኳሱን መስበር ነው። ስንቱን ሰብረው ይችሉታል? ስለዚህ ምልክቶቹን በውጪ በኩልም ያትሟቸው ጀመር። አንዱ ነቄ ታዲያ «ውጪ ከታየ ውስጡ ምን ያደርጋል?» ሳይል አልቀረም። ኳሱ ቀርቶ ጠፍጣፋ ጭቃ መጣ። የሰው ልጅ መጀመሪያ የጻፈው የፍቅር ደብዳቤ እንዳይመስላችሁ፤ የእህልና የከብት ሒሳብ ነው።

የደቡብ አሜሪካዎቹ ኢንካዎች በገመድ ቋጠሮ ሒሳብ ይይዙ ነበር። እኔ የቋጠርኩት ቂም ብቻ ነው።

የሚያስቀናኝ ግን የእንግሊዞቹ እንጨት ነው። ዕዳው በጭረት ይቀረጽበታል። ለ1,000 ፓውንድ የመዳፍ ስፋት፣ ለ100 የአውራ ጣት፣ ለ20 የትንሿ ጣት፣ ለ1 ፓውንድ የገብስ ፍሬ ያህል። ከዚያ ለሁለት ይሰነጠቃል፤ ረጅሙ ለአበዳሪ፣ አጭሩ ለተበዳሪ። የመክፈያው ቀን ሲደርስ ሁለቱን ማጋጠም ነው። አንዱ ተደብቆ አንዲት ጭረት ቢጨምር የሌላው ላይ የለችም። ጣሪያ ማየት ብሎ ነገር የለም።

በኋላ እንጨቱ ተሻረ። እ.ኤ.አ. በ1834 ሁለት ጋሪ ሙሉ አሮጌ የዕዳ እንጨት በፓርላማው፣ በጌቶች ምክር ቤት ምድጃ ይቃጠል ተባለ። ተቃጠለ። እሳቱ ግን በእንጨቱ አላበቃም፤ በጭስ ማውጫው ወጥቶ ፓርላማውን አመድ አደረገው።

ይህን ሁሉ ለወዳጄ ነገርኩት። ተመስጦ ሰማኝ። ሲያበቃ ትከሻዬን ቸብ አድርጎ፣

«አየህ አይደል?» አለኝ። «የድሮ ዕዳ መቆስቆስ ጥሩ አይደለም።»