አስራችሁ አታስጠሙ

ወገኖቼ ሆይ፣ ይህን ከማንበባችሁ በፊት ወደ ግቢ ውጡና የውሻችሁን የውሃ ዕቃ እዩት። በስንቶቻችን ቤት ነው ዕቃው ደርቆ፣ ሰንሰለቱ ገልብጦት፣ ወይም ከሦስት ቀን በፊት የተቀዳው ውሃ አረንጓዴ ዝቃጭ ይዞ የሚገኘው? አጥር አጥረን፣ በር ቆልፈን፣ በላዩ ውሻ አስረንበት እንተኛለን። ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህልን ያደረው እንስሳ ጠዋት ውሃ ማግኘት አለማግኘቱን የሚጠይቅ ሰው በቤቱ ከሌለ ነውር ነው። ነውርነቱን ሳናለሳልስ እንነጋገር።

መንገድ ላይ የሚኖር ውሻ ሲጠማው ቦይ ይፈልጋል፣ ከፈሰሰበት ይልሳል። የታሰረ ውሻ ዓለሙ የሰንሰለቱ ርዝመት ነው፤ ከዚያ ክብ ውጭ ያለ ውሃ ለእሱ የለም። እንስሳ ያሰረ ሰው የእንስሳውን ጥም በራሱ ትከሻ ላይ ጭኗል። ካህናቶቻችን ጻድቅ ለእንስሳው ነፍስ እንደሚራራ ሲያስተምሩን፣ ሼሆቻችን ጥም ያቃጠለውን ውሻ በጫማው ውሃ ቀድቶ ያጠጣ ሰው ምሕረት እንዳገኘ፣ ድመት አስራ የገደለች ሴት ደግሞ እንደተቀጣች ሲነግሩን አድገናል። አልሰማንም የምንል የለንም።

“አዲስ አበባ እኮ ቆላ አይደለም” የሚል መልስ ይሰማል። ይህ ሰበብ አይሆንም። ውሻ እንደ ሰው በመላ ገላው አያልበውም፤ የሚያልበው መዳፉ ሥር ብቻ ነው፣ እሱም ጥቂት። ሙቀቱን የሚያስወጣው አፉን ከፍቶ በማለክለክ ነው። ባለከለከ ቁጥር ከምላሱና ከመተንፈሻው እርጥበት እየተነነ ይወጣል፤ ማለክለክ ማለት ውሃ ማጣት ማለት ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ የተቀመጠች ከተማ ደግሞ በበጋ አየሯ ደረቅ ነው፣ የቀትር ፀሐይዋም ትለበልባለች። በዚህ ላይ የውሻው ቤት ከቆርቆሮ የተሠራ ከሆነ ስድስት ሰዓት ላይ እጃችሁን ወደ ውስጥ ሰድዳችሁ ሞክሩት፤ ምድጃ ነው። የጤነኛ ውሻ የሰውነት ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ገደማ ነው። 41 ሲደርስ አንጎሉ፣ ኩላሊቱና አንጀቱ አደጋ ላይ ናቸው። ድሬዳዋ፣ ሰመራና ጋምቤላ ያላችሁ ይህን ከማንም በላይ ልትጠነቀቁለት ይገባል።

ልኩን እንወቅ። ጤነኛ ውሻ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ50 እስከ 60 ሚሊ ሊትር ውሃ ይፈልጋል። 20 ኪሎ የሚመዝን የተለመደው የግቢ ውሻ ወደ አንድ ሊትር፣ ማለትም ሁለት ባለ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ይጠጣል። 35 ኪሎ የሚመዝን ጀርመን ሼፐርድ ወደ ሁለት ሊትር ይጠጋል። ሙቀት ሲበረታ፣ ብዙ ሲሮጥ፣ እናቲቱም ቡችሎች ስታጠባ ይህ ልክ እጥፍ ወይም ሦስት እጥፍ ይሆናል። ክብደቱን ካላወቃችሁ ውሻውን አቅፋችሁ ሚዛን ላይ ውጡ፣ ከዚያ የራሳችሁን ቀንሱ።

እንግዲህ “ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው” የሚለውን ሰበብ በዚህ ልክ መዝኑት። ባለ 20 ሊትር አንድ ጀሪካን መካከለኛ ውሻን፣ እየተደፋና ዕቃውም እየታጠበ፣ ሁለት ሳምንት ያህል ያቆየዋል። ሮቶው በሚሞላበት ቀን የውሻው ጀሪካንም ይሞላ፤ ክዳኑ ይከደን፤ ለልብስ ማጠቢያ ብሎ የሚነካው አይኑር። መኪና የሚታጠብበት ግቢ ውስጥ ውሻ ሲጠማ ደግሞ የጎደለው ውሃ ሳይሆን አሳቢ ሰው ነው።

ውሃ መቅዳቱ ብቻ አይበቃም፣ የሚቀመጥበትም ቦታ ማሰብ ይፈልጋል። ቀላል የፕላስቲክ ሳህን ሰንሰለት አንድ ጊዜ ከጠረገው አለቀለት፤ ብዙ ውሻ የሚጠማው ውሃ ሳይቀዳለት ቀርቶ ሳይሆን ጠዋት የተቀዳው ሁለት ሰዓት ላይ ተደፍቶ ማንም ሳያየው ስለሚውል ነው። አሮጌ የመኪና ጎማ መሬት ላይ አስተኙና ባልዲውን መሃሉ ሰኩት፤ አይገለበጥም። ዕቃው ውሻው አንገቱን ዘርግቶ የሚደርስበት፣ ሰንሰለቱ ግን የማይጠርገው የክቡ ጠርዝ ላይ ይሁን። ጥላውንም ቀኑን ሙሉ ተከታተሉት፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጥላ የነበረ ቦታ ስድስት ሰዓት ላይ ፀሐይ ይወጣበታል፣ በፀሐይ የሞቀን ውሃ ደግሞ ብዙ ውሾች ቀምሰው ይተዉታል። ሁለት ዕቃ በሁለት ቦታ ቢቀመጥ አንዱ ቢደፋ ሌላው ይተርፋል። ቡችላ ባለበት ቤት ግን ጥልቅ ባልዲ አታስቀምጡ፣ ይሰምጥበታል፤ ከሦስት ወይም አራት ሳምንት ዕድሜ ጀምሮ ጠፍጣፋ ሳህን ላይ ትንሽ ትንሽ ውሃ አለማምዱት።

በአሮጌው ላይ መጨመር መቀየር አይደለም። ጣታችሁን በዕቃው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ አሹት፤ ከሙለጨለጨ የባክቴሪያ ሽፋን ነው፣ ያለ ሳሙናና ያለ ፍትጊያ አይለቅም። በየቀኑ ደፍታችሁ፣ አሽታችሁ፣ አጥባችሁ አዲስ ቅዱ። የተጫጫረ ፕላስቲክ ጭረቱ ውስጥ ቆሻሻ ስለሚይዝ የማይዝግ ብረት ይሻላል። አይጥ በሚርመሰመስበት ግቢ ውሃውን ሳይቀይሩ ማሳደር የባሰ ነው፦ ሌፕቶስፒራ የሚባለው ባክቴሪያ በአይጥ ሽንት ወደ ውሃ ይገባል፣ የውሻውን ኩላሊትና ጉበት ይጎዳል፣ ከውሻው ሽንትም ወደ ሰው ይተላለፋል።

በ2011 ዓ.ም. ድሬዳዋ በቺኩንጉኒያ ወረርሽኝ በታመሰች ጊዜ ቤት ውስጥ የሚጠራቀም ውሃ ትንኝ እንደሚያራባ ብዙ ሰው ተምሯል። ትምህርቱ ትክክል ነው። ከዚያ ተነስቶ የውሻን ውሃ ማንሳት ግን ስህተት ነው። ትንኟ ከእንቁላል ተነስታ ለመብረር ሳምንት ገደማ ይፈጅባታል፤ በየቀኑ የሚደፋ ዕቃ አያደርሳትም። እንቁላሏን ከውሃው ጠርዝ በላይ ግድግዳው ላይ ስለምታጣብቅ ግን መድፋት ብቻውን አይበቃም፤ ለዚህም ነው ማሸት ያስፈለገው።

ምግቡንም እንመልከት። የደረቀ ዳቦና ድርቆሽ የሚበላ ውሻ ከምግቡ የሚያገኘው እርጥበት የለም ማለት ይቻላል፤ በውሃ አርሱለት። የወጥ ትራፊ መስጠት ደግሞ ሁለት ጥፋት አለው። ጨው ጥሙን ያባብሰዋል፤ ሽንኩርቱና ነጭ ሽንኩርቱ የውሻንም የድመትንም ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ፣ መብሰላቸው መርዙን አያጠፋውም። እንዲጠጣ ልታባብሉት ከፈለጋችሁ አጥንት ያለ ጨው፣ ያለ ሽንኩርት፣ ያለ በርበሬ ቀቅሉ፤ አጥንቱን አውጡ፣ የተቀቀለ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋልና፤ መረቁን አቀዝቅዛችሁ ስቡን ግፈፉና በውሃ አቅጥናችሁ ስጡ።

ወደ ድመት ስንመጣ ተግሳጹ ይጠብቃል፤ ድመት ስትጠማ አትነግራችሁምና። የቤት ድመት የዘር ግንዷ የአፍሪካ የዱር ድመት ነው፤ የደረቅ አገር እንስሳ። ጥም ቶሎ አይሰማትም፤ ኩላሊቷ ሽንቱን አወፍሮ ውሃ ይቆጥባል። በዱር የሚያስፈልጋትን ውሃ አብዛኛውን የምታገኘው ከምትበላው አይጥ ነው፤ የአይጥ ገላ 70 በመቶ ገደማ ውሃ ነውና። እኛ ግን ቤት አስገብተን ደረቅ ምግብ እንሰጣታለን፤ የከረጢቱ ምግብ ደግሞ ውሃው ወደ 10 በመቶ ብቻ ነው። አራት ኪሎ የምትመዝን ድመት በቀን ከምግብም ከመጠጥም ተደምሮ 200 ሚሊ ሊትር ገደማ ያስፈልጋታል። በሰከንድ አራት ጊዜ ገደማ ብትልስም በአንድ ልሳት የምታነሳው ጠብታ ብቻ ነው፤ ደረቁን በመጠጥ ታካክሰዋለች ብላችሁ አትጠብቁ።

ወተት ውሃ አይተካም። ያደገች ድመት የወተትን ስኳር የሚፈጭላት ነገር በሆዷ አነስተኛ ስለሆነ ብዙዎቹን ያስቀምጣቸዋል፤ ተቅማጡ ደግሞ ያላትንም ውሃ ይዞት ይሄዳል። ለድመት ወተት መስጠት ደግነት የሚመስለን ስንቶቻችን ነን! ይልቅስ ሥጋውን ወይም ዓሣውን ቀቅላችሁ ሁለት ሦስት ማንኪያ ለብ ያለ ውሃ ጨምሩበት። የውሃ ዕቃዋ ሰፊና እስከ አፉ የሞላ ይሁን፣ ጢሟ ከጠርዙ ጋር ሲጋጭ ትጠላለች። ከምግቧ ጎን አታድርጉት፤ ከምትጸዳዳበት አሸዋ አጠገብማ ፈጽሞ። የቧንቧው ውሃ ክሎሪን ክሎሪን ከሸተተ በጎድጓዳ ሳህን ክፍት አድርጋችሁ አሳድሩት። የእህል መጋዘንና የወፍጮ ቤት ባለቤቶች ሆይ፣ አይጥ እንድትይዝላችሁ አቧራ ውስጥ የዘጋችሁባት ድመት ውሃ የላትም፤ ዛሬውኑ አስቀምጡላት።

ወንድ ድመት ያላችሁ ይህን በተለየ ያዙት። ሽንቱ ሲወፍር በፊኛው ውስጥ ደቃቅ ጠጠርና አተላ ይፈጠራል፤ የወንዱ የሽንት ቧንቧ ጠባብ ስለሆነ ይደፈናል። አሸዋው ላይ ደጋግሞ ይቀመጣል፣ ያምጣል፣ ይጮኻል፣ ብልቱን ይልሳል፣ የሚወጣው ግን ጠብታ ወይም ምንም ነው። ብዙ ሰው ሆድ ድርቀት ነው ብሎ ዘይት ያጠጣዋል። አይደለም! ሽንቱ ካልወጣ ደሙ ውስጥ ፖታሲየም ይከማችና ልቡን ያቆመዋል፤ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ሊሞት ይችላል። ሆዱን አትጫኑ፣ ፊኛው ይፈነዳል። በዚያው ሰዓት ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት።

ውሃ ማጠሩን ለማወቅ ከንፈሩን ገልጣችሁ ድዱን ንኩ፤ እርጥብና የሚያንሸራትት መሆን ሲገባው ጣት ላይ ከተጣበቀ ውሃ አንሶታል። ድዱን በጣት ተጭናችሁ ልቀቁ፤ የነጣው ቦታ ወደ ሮዝ ለመመለስ ከሁለት ሰከንድ በላይ ከፈጀበት ደሙ በደንብ እየዞረ አይደለም። ትከሻው ላይ ቆዳውን ቆንጥጣችሁ አንሱ፤ ወዲያው ካልተመለሰ ጉዳዩ ከብዷል። በአረጀና በከሳ እንስሳ ላይ የቆዳው ምልክት ያታልላል፣ ድዱን እመኑ። ከሰውነቱ ክብደት 5 በመቶ ያህል ውሃ እስኪያጣ ድረስ ምልክቱ አይታይም፤ 10 በመቶ ሲደርስ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው።

ሲያስመልሰውና ሲያስቀምጠው ውሃ በአንድ ጊዜ አትድፉበት፣ መልሶ ያስመልሰዋል። ለትንሽ ውሻ በየ15 ደቂቃው አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ ለትልቁ ሦስት አራት እያደረጋችሁ ስጡ። ማጣፈጫ የሌለበትን ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ መስጠት ይቻላል፤ ግን ከረጢቱ ላይ በተጻፈው የውሃ ልክ በጥብጡት። ውሃውን ብታሳንሱት ጨው ይበዛና ድርቀቱን ታባብሳላችሁ። የተረፈውን ከ24 ሰዓት በኋላ ድፉ። የደከመ እንስሳ አፉን ፈልቅቃችሁ ውሃ አታፍስሱበት፣ ወደ ሳንባው ይገባል። ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ያለው ቡችላ ፓርቮ የሚባለው ገዳይ የቫይረስ በሽታ ይዞት ሊሆን ስለሚችል ቤት ውስጥ አይታከምም፤ ግሉኮስ ሊሰካለት ይገባል።

ፀሐይ የመታው ውሻ በኃይል ያለከልካል፣ ምራቁ ይወፍራል፣ ድዱ ደም መስሎ ይቀላል፣ ይንገዳገዳል። ወደ ጥላ አውጡት፣ ሆዱን፣ ብብቱንና እግሮቹን የቧንቧ ውሃ አፍስሱበት፣ በካርቶን አራግቡለት። እርጥብ ብርድ ልብስ ጥላችሁበት አትተዉት፣ ሙቀቱን አፍኖ ይይዘዋል። ማቀዝቀዙ ይቅደም፣ ጉዞው ይከተል። ያገገመ ቢመስልም ሐኪም ይየው።

ከልክ በላይ መጠጣትም ምልክት ነው። ለካችሁ ቅዱ፣ ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈውን ለክታችሁ ቀንሱ። ውሻ በኪሎ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ከጠጣ ኩላሊቱ ታሞ፣ ስኳር በሽታ ይዞት፣ ወይም ማህፀኗ ያልወጣ ሴት ከሆነች ማህፀኗ መግል ቋጥሮ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሸና ብላችሁ ውሃ አትከልክሉት።

አንድ ማስጠንቀቂያ ለነፍሳችሁ። ምራቁ የሚዝረበረብ፣ መንጋጋው የወረደ፣ ውሃ እየሞከረ መዋጥ ያቃተው ውሻ ስታዩ አጥንት ተሰንቅሮበት ነው ብላችሁ እጃችሁን አፉ ውስጥ አትክተቱ። የእብድ ውሻ በሽታ የጉሮሮውን ጡንቻ ሽባ ያደርጋል። ውሃ ጠጥቷል፣ ስለዚህ አላበደም ብሎ መደምደምም ሰው ይገድላል። ከነከሳችሁ ወይም ምራቁ ቁስላችሁን ከነካ 15 ደቂቃ በሳሙናና በውሃ እጠቡና ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ተቋም ሂዱ።

ጋራዥ ያላችሁ ደግሞ መሬት ላይ የፈሰሰ የራዲያተር ማቀዝቀዣ ወዲያው አድርቁ። ይጣፍጣል፤ ለድመት አንድ የሻይ ማንኪያ ገዳይ ነው፣ የተጠማ ውሻም አይምረውም።

ለገና ወይም ለፋሲካ አገር ቤት ስትሄዱ “ባልዲ ሞልቼለታለሁ” ብላችሁ አትውጡ፤ ባልዲው ገና መኪና ሳትሳፈሩ ሊገለበጥ ይችላል። ለዘበኛው ወይም ለጎረቤት ጀሪካኑን አሳዩት፣ አስተጣጠቡን በእጁ አስይዙት። በማግስቱ ስትደውሉ ጠጣ ወይ ብላችሁ አትጠይቁ፤ ዕቃውን አይቶ ስንት እንደቀረ ይንገራችሁ።