ብልግናው ብቻ ነው የታያችሁ?

ያዋስኩት የስብሐት ገብረእግዚአብሔር ልብ ወለድ «ሌቱም አይነጋልኝ» ትናንት ተመለሰልኝ። ስገልጠው በእርሳስ ተሰምሮበታል። የቱ ላይ? ብልግና የተባሉት ቃላት ላይ ብቻ! ሌላው ገጽ ሁሉ ንጹሕ ነው። «ደግሞ ምን ታሪክ አለው? አንዱን ሳይጨርስ ወደ ሌላው ይዘላል» አለኝ የተዋሰኝ ሰው። መጽሐፉ የሚተርከው የውቤ በረሃ፣ የዚያ የአዲስ አበባ የመሸታና የሴተኛ አዳሪዎች ሰፈር፣ ሌሊት መነሻና መድረሻ ነበረው እንዴ? ስንት ዘመን በሳንሱር ምክንያት እንዳለ መታተም ያልቻለ መጽሐፍ ነው። ስብሐት ገብረእግዚአብሔር በ2004 ዓ.ም. አረፈ፤ እኛ ዛሬም ቃላቱን እየለቀምን እንጣላለን። አንድ ሰው፣ አንድ እንኳ፣ «እነዚያ የውቤ በረሃ ሴቶች አንጀቴን በሉት» ቢለኝ ምን አለበት? «ጨለማ ነው፣ ይከብዳል» ይሉኛል። አዎ፣ ጨለማ ነው! ርእሱስ ምን ይላል?