ጥሬ ማር ሲፈላ

ስኳር የተዋረደበት ዘመን ላይ ደርሰናል። ቀበሌ ሱቅ በር ላይ የተሰለፍንለት፣ የታመመ ጠያቂ በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዞት የሚገባው ስኳር ዛሬ ስሙ ሲነሳ ሰው ፊቱን ያዞራል። ጅማ ውስጥ ቡና ልትጠጡ ከተቀመጣችሁ አስተውሉ። «ስኳር ስንት ላድርግ?» ሲባል «ሁለት» ማለት ነውር ሆኗል። መልሱ «ትቻለሁ» ነው፤ ድምፅን ትንሽ ከፍ አድርጎ፣ ማዶ የተቀመጠውም እንዲሰማ። ስኳር የተወው ሰው ታዲያ ከስኒው አጠገብ የቀረበለትን ብስኩት እያከታተለ ይጨርሰዋል። ብስኩት ውስጥ ያለው ስኳር አይታይማ።

የእህቴ ልጅ የዚህ አዲስ እምነት ሰባኪ ናት። ክረምቱ እንደገባ «ጤናማ ማርሽማሎው ልሠራ ነው» ብላ አወጀች። እናቴ «እሱ ደግሞ የማን በሽታ ነው?» አለች። ማርሽማሎው በፈረንጅ ፊልም ላይ ልጆች እንጨት ላይ ሰክተው እሳት ዳር የሚጠብሱት ያ ነጭ፣ ሲጫኑት ገባ ብሎ የሚመለስ ጣፋጭ ነው። የፋብሪካው የሚሠራው ከስኳር፣ ከበቆሎ ሽሮፕና ጄላቲን ከሚባል ማርጊያ ዱቄት ነው። የእሷ ግን ማር፣ ውኃ፣ ጄላቲን፣ በቁንጥጫ ጨውና ጠብታ ቫኒላ ብቻ። «ስኳር የሚባል ዘር የለበትም» ትላለች።

ድሮ ጣፋጩ የሚሠራው ረግረግ መሬት ላይ ከሚበቅል የአንድ ተክል ሥር ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዮች የሥሩን ዝልግልግ ጭማቂ ከእንቁላል ነጭና ከስኳር ጋር መትተው ይሸጡት ነበር። ኋላ ጄላቲን መጣና ሥሩን ከነሥሩ ነቀለው። ዛሬ ተክሉ ስሙን ትቶልን ሄዷል።

የማሩ ነገር ግን በደንብ ይነገር። ጅማ ተቀምጦ ማር መፈለግ ምንም የማይከብድ ይመስላል፤ በገራ ጫካ ዛፍ ላይ የተሰቀለ ቀፎ ሞልቷል። ችግሩ የእህቴ ልጅ የያዘችው የተጻፈ አሠራር «ጥሬ፣ እሳት ያልነካው» ማለቱ ነው። ሂርማታ ገበያ ሄድን። ሻጯ ገና ሳንጠይቃት «ለጠጅ ነው ለመድኃኒት?» አለችን። ለእሷ ማር ከእነዚህ ከሁለቱ ውጪ ሥራ የለውም።

«ለጣፋጭ» አለች የእህቴ ልጅ።

ሴትዮዋ ማንኪያዋን ከባልዲው አውጥታ ከፍ አደረገችው። ማሩ ሳይበጠስ ቀጥኖ ወረደ፤ ታች ሲደርስ ተጠማዝዞ ክምር ሠራና ቀስ ብሎ ሰጠመ። አንዲት የንብ ክንፍ ተጣብቃበታለች። ሻጯ በጥፍሯ ልታነሳት ስትል የእህቴ ልጅ «ተይው፣ ተይው!» ብላ ጮኸች። ማስረጃ ናት።

«እሳት አላየም?»

«ንቧ እንዳስቀመጠችው ነው።»

«ምንም አልሞቀም? ለማጥለል እንኳ?»

ሻጯ ወደ እኔ ዞራ በሹክሹክታ «ልጅቷ አሟታል እንዴ?» አለችኝ። ከዚያ በመድኃኒት ዋጋ ሸጠችልን።

ያ እሳት ያላየ ማር ቤት ደረሰና እሳት ላይ ተጣደ። ማር ሲፈላ ደግሞ ይኮፈሳል፤ ትልቅ ድስት ካልሆነ ገንፍሎ ምድጃውን ያጥባል። ኢንዛይሙ ይሞታል፤ የጫካው አበባ መዓዛም ከእንፋሎቱ ጋር በመስኮት ይወጣል። «ታዲያ ጥሬ መሆኑ ለምን አስፈለገ?» ብላት «ጥራቱ ነዋ፣ ጋሼ» አለችኝ። ጥሬነቱ የቆየው ከሂርማታ እስከ ምድጃው ነው፤ ያውም በባጃጅ።

አሠራሩ ማሩ 115 ዲግሪ ሴልሺየስ እስኪደርስ ይፍላ ይላል። ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ የኬሚስትሪ መምህር ናቸው። የማሩ ሽታ አጥር ተሻግሮ ሲጠራቸው መጡ። «ይኼ ቁጥር ባሕር ዳርቻ ላይ ላለ ሰው የተጻፈ ነው» አሉ። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,750 ሜትር ገደማ ናት፤ እዚህ ውኃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። «ስድስት ቀንሺ፣ ልጄ። አለዚያ ነገ ከረሜላ በመጥረቢያ ትፈልጫለሽ።» የእህቴ ልጅ ቀነሰች። መምህሩ ቴርሞሜትሩንም አላመኑትም። ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውኃ አስመጥተው ከማሩ ጠብ አደረጉ፤ በሁለት ጣታቸው ሰብስበው ሲጫኑት የምትታዘዝ ለስላሳ ኳስ ሆነች። ደርሷል ማለት ነው። ኳሷን ዋጧትና «ሳይንስ መደጋገም ይፈልጋል» ብለው እንደገና ጠብ አደረጉ። እኚህ ሰው ስኳር ከተዉ ቆይተዋል።

ከመምህሩ ኋላ ሌላ ሴት ጎረቤታችን ገቡ። «እኔ ስኳር አለብኝ፣ ማር ከሆነ ግን አይጎዳኝም አይደል?» አሉ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ በአንድ አፍ «ማር? ኧረ ማር መድኃኒት ነው!» አላቸው። ይኼ የማያስቅ ቀልድ ነው። ማር ከአምስት እጁ አራቱ ያህል ስኳር ነው፤ የቀረውም አብዛኛው ውኃ። የጣት ደም የሚለካው መሣሪያ ንብና ፋብሪካ አይለይም። ይህን ስናገር ሁሉም የንብ ጠላት አድርጎ አየኝ። ሴትየዋ ግን የሰሙትን ሰምተው ቡናቸውን መራራውን ያዙ።

ጄላቲኑ ከውጭ በዘመድ ሻንጣ የመጣ ነው። ቆርቆሮው ላይ «ሣር ብቻ ከበላ ከብት የተገኘ» ይላል። ለዚህ ሣር ብቻ ለበላው ፈረንጆቹ ተጨማሪ ዋጋ ይከፍላሉ። የእኛ ከብት ዕድሜውን ሙሉ ሣር ነው የሚበላው፤ ገበያ ዳር ሲደርስ የጫት ገረባ ቢጨምርበት ነው፤ ማንም ግን ማኅተም አልመታለትም። ዱቄቱ በቀዝቃዛ ውኃ ተነክሮ ማበጥ ሲጀምር፣ ማዶ ያሉት ሐጂ ሰላም ሊሉን ብቅ አሉና ሳህኑን አዩት።

«ይኼ ከምንድን ነው?»

«ከከብት ቆዳና አጥንት ነው፣ ሐጂ።»

«ማን አረደው?»

ዝም ተባለ። ጄላቲን ከአሳማ ቆዳም በብዛት ይሠራል፤ እሱ ከሆነ ደግሞ ለሐጂም ለእኛም አይሆንም፤ በዚህ በኩል ቤቱ አንድ ነው። መምህሩ መነጽራቸውን አድርገው ቆርቆሮውን ገለበጡት፤ ግርጌው ላይ ሐላል የሚል ምልክት አገኙ። ሐጂ ራሳቸውን ነቅንቀው ተቀመጡ።

ይኼኔ እናቴ ከጓዳ «የአጥንት ነው አላችሁ? ነገ ቀኑ ማን ነው?» አለች።

ረቡዕ። ጣፋጩ ለመርጋት ሌሊቱን ማደር አለበት፤ ሲነጋ ጾም ነው። ማሩ ባልከፋ፣ የላሟ አጥንት ነው ጉዱ። የእህቴ ልጅ ከባሕር አረም የሚወጣ አጋር የሚባል ማርጊያ እንዳለ፣ ግን እንደ ጄላቲን እንደማይነፋ አስረዳች። እናቴ «አረምማ ነቅለን የምንጥለው ነው» ብላ ወደ ጓዳዋ ተመለሰች።

የፈላው ማር በጄላቲኑ ላይ በቀጭኑ እየፈሰሰ ሩብ ሰዓት ያህል በማሽን ይመታል። መብራት ይጠፋል ብላችሁ የጠበቃችሁ አንባቢዎች ይቅርታ፤ የዚያን ቀን አልጠፋም። ቡናማው ማር መጀመሪያ ገረጣ፣ ቀጥሎ የወተት መልክ ያዘ፣ በመጨረሻ ሳህኑን ሞልቶ ጠርዙ ላይ ወጣ። ከማር የገዛነው ግማሹ አየር ሆነ ማለት ነው። እንዳይጣበቅ የበቆሎ ስታርች መነስነስ ነበረበት፤ አልነበረንም። እናቴ ደረቅ ቡላ በምጣድ አመስ አድርጋ በወንፊት ነፋችበት። አሠራሩን የጻፈችው ሴት ቡላ ብታውቅ ኖሮ ቀድማ ትጽፈው ነበር።

ሲነጋ ዝናብ ነበር። ማር እርጥበት ይስባል፤ የጅማ ክረምት ደግሞ እርጥበት አይነፍግም። በዘይት በታሸ ቢላዋ ተቆርጦ ቡላ ላይ የተንከባለለው ማርሽማሎው ቡና እስኪፈላ ላብ ላብ ብሎት እርስ በርሱ ተቃቅፎ ጠበቀን። ረከቦቱ ዙሪያ ተሰበሰብን። ከቤተሰቡ አንድም የሚበላ የለም። መምህሩ የጣፋጩን ሳህን ትኩር ብለው እያዩ «ጾም ለጤና ጥሩ ነው» አሉ፤ ድምፃቸው ግን አላመነበትም።

ሐጂ ብቻ ቀረቡ። የእህቴ ልጅ አንዱን እንጨት ላይ ሰክታ ከጀበናው ሥር ካለው ፍም አስጠጋችው። ቤት የተሠራ ነውና ቶሎ ቀለጠ፤ ግማሹ ፍሙ ላይ ጠብ ብሎ ጢሱ ከዕጣኑ ጋር ተጣላ። ሁለተኛውን ሳይጠበስ አቀረበችላቸው። ሐጂ ጎረሱት። አላመጡት። ቡላው ጢማቸው ላይ ቀረ። ሁላችንም አፋቸውን እያየን ነው።

«ይጣፍጣል» አሉ። «ለስላሳም ነው፤ ጥርስ ለሌለው ሰው ይመቻል።» ትንሽ አሰቡና «ማሩ ግን የታለ?» አሉ።

«እሱ ራሱ እኮ ማር ነው፣ ሐጂ። ሌላ ምንም የለበትም።»

«የገራን ማር አውቀዋለሁ፣ ልጄ። አፍ ውስጥ ሲገባ አበባውን ይነግርሻል። ይኼ ስኳር ስኳር ነው የሚለኝ።» ከዚያ ጓዳ በር ላይ ወደተቀመጠው፣ ገና ሩቡ ወዳልተነካ ባልዲ አዩ። «ምክሬን ከሰማችሁ ይኼን በስኳር ሥሩት፣ ልዩነት የለውም። የተረፈውን ማር አትፍጁት፤ እኔ ልግዛችሁ።»

የእህቴ ልጅ ልትከራከር አፏን ስትከፍት እናቴ ቀደመቻት።

«በስንት?» አለች።