ናና አስማኡ የቤተ መንግሥት ገጣሚ ብቻ አልነበረችም
ናና አስማኡን (እ.ኤ.አ. 1793–1864) «የሶኮቶ (በዛሬዋ ሰሜን ናይጄሪያ የነበረ እስላማዊ መንግሥት) ቤተ መንግሥት ገጣሚ» ብሎ ማለፍ ልክ አይደለም፤ ትልቁ ሥራዋ ገጠር ነበር። «ያን ታሩ» በሚባለው የሴቶች ትምህርት አደረጃጀቷ፣ በየአካባቢው ጃጂ የምትባል መሪ ልጃገረዶችንና መውለድ ያቆሙ ሴቶችን ይዛ ሶኮቶ ትመጣ ነበር። ሕፃን የታቀፈችውማ ያን ሁሉ መንገድ እንዴት ትችለው ነበር? ለእሷ ትምህርቱ ቤቷ ድረስ ይሄድ ነበር። ውዱእ (ከሶላት በፊት መታጠብ)፣ ሶላት፣ ጾም በአካባቢው ቋንቋ በሐውሳ ግጥም ይጠና ነበር፤ ቤት የሚመታ ስንኝ ላይ ቃል ሲጎድል ወዲያው ጆሮ ይይዘዋል፣ በዝርው ቢሆን መንገድ ላይ ተበትኖ ይቀር ነበር። «ሕክምናዋ ጥንቆላ ነው» የምትል ወንድሜ፣ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ሴቶቹ ሲታመሙ የሚሮጡት መንፈስ ወደሚጠራበት የቦሪ ሥርዓት ስለነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1839 ለፈውስ ስለሚነበቡ ሱራዎች (የቁርኣን ምዕራፎች) ጽፋለች። የጃጂዋ የሣር ባርኔጣም ቀድሞ የቦሪ መሪዋ ምልክት ነበር፤ አስማኡ ቀይ ጨርቅ ጨምራ ለአስተማሪዎቿ አደረገችው።