ሕዝብ ቆሞ ኮንቴይነር ያልፋል?

አሁንስ በዛ! ባቡራችን ዘግይቶ የአሜሪካን የሮኪ ተራሮች በጨለማ አለፍናቸው። እነሱን ለማየት ብዬ ነበር እኮ አውሮፕላኑን የተውኩት!

አሜሪካን ከጠረፍ እስከ ጠረፍ በባቡር ማቋረጥ የቆየ ምኞቴ ነው። ቀጥታ የሚወስድ ባቡር የለም፣ ሺካጎ ላይ ቀየርን። እሺ። ከዚያ እስከ ሳንፍራንሲስኮ አካባቢ 3,900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሰዓቱ ቢሄድ እንኳ ከ50 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ይሁን፣ አውቄ ነው የገባሁት።

መቆሙን ግን ማን ይችለዋል? አዮዋ ግዛት በቆሎ ማሳ መሃል ቆምን። ትንሽ ሄደን ደግሞ ቆምን። ለምን? የጭነት ባቡር እስኪያልፍ! ሕፃን የታቀፈች እናት ለኮንቴይነር ብላ ትጠብቅ? ይሄ ምን የሚሉት ፍትሕ ነው?

ሕጉ እኮ ከ1973 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የመንገደኛው ይቅደም ይላል። ሐዲዱ ግን በአብዛኛው የጭነት ኩባንያዎች ነው። ባቡሮቻቸውን ከማስረዘማቸው የተነሳ ብዙዎቹ አንዱ ባቡር ቆሞ ሌላውን የሚያሳልፍበት የጎን ሐዲድ አይበቃቸውም። ስለዚህ ጥግ የምንይዘው ሁሌ እኛ ነን። ሕግ ካለ የሚያስከብረው የት ሄደ?