ለተከበሩ የነጥብ ካርድ፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ቬንትሌተሬን ይመለከታል

ክቡርነትዎ በኪስ ቦርሳዬ ውስጥ፣ በመታወቂያዬና በልጆቼ ፎቶግራፍ መካከል ከተቀመጡ እነሆ ዓመት ሞላዎት። መታወቂያዬን ቢበዛ በወር አንድ ጊዜ እጠየቅ ይሆናል፤ እርስዎን ግን በየሁለት ቀኑ አወጣዎታለሁ። ገንዘብ ተቀባይዋ «ካርድ አለዎት?» ስትል፣ ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሁሉ እያየኝ፣ «አለኝ እንጂ!» ብዬ ደረቴን ነፍቼ አቀብልዎታለሁ። እንግዲህ በዚህ ሁሉ ቅርበታችን ሒሳብ ብንተሳሰብ አይከፋዎትም ብዬ አምናለሁ።

የተዋወቅነው በመስከረም 2017 ዓ.ም.፣ ከዚራ ሰፈር ካለው ሱፐርማርኬት በር ላይ ነበር። ስሜን፣ ስልክ ቁጥሬን፣ የልጆቼን ብዛት ሳይቀር ቅጽ ላይ ሞልቼ ሰጠሁ። በየመቶ ብሩ አንድ ነጥብ እንደማገኝ፣ 4,000 ነጥብ ስሞላ ደግሞ መስታወቱ ውስጥ የቆመው ባለ ረጅም እግር ቬንትሌተር የእኔ እንደሚሆን ተነገረኝ። ለድሬዳዋ ሰው ቬንትሌተር አሳይቶ ማባበል ምን ያህል ግፍ እንደሆነ እርስዎም አይጠፋዎትም። ሙቀቱ ሲበረታ ፍራሽ ግቢ አውጥተን የምናድር ሰዎች ነን።

ከዚያች ቀን ወዲህ ሱፐርማርኬት የምገባው ነጥብ ለመልቀም ሆነ። ሒሳቡ 160 ብር ከመጣ ስልሳዋ ብር ያለ ነጥብ እንዳትቀር የ40 ብር ማስቲካ እጨምራለሁ፤ እርስዎ 199 ብርንና 100 ብርን በአንድ ዓይን እንደሚያዩ ከገባኝ ጀምሮ ቤቴ ውስጥ የማስቲካ እጥረት ታይቶ አያውቅም። ሃምሳ ተጨማሪ ነጥብ አለው ተብሎ ስድስት ጠርሙስ ማዮኔዝ ተሸክሜ ገባሁ። ልጆቹ በዳቦ፣ እኔ በእንጀራ ተያያዝነው። አራተኛው ጠርሙስ ላይ ባለቤቴ «ይህ ነገር ለፀጉር ይሆን እንደሆነ ጠይቅልኝ» አለችኝ። ዘይት በተወደደ ጊዜ እንኳ፣ ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ፣ «ነጥባችን ሊጨምር ነው» ብዬ የተደሰትኩበት ቀን ነበር።

ድርብ ነጥብ የሚሰጡበትን ሰዓት የመረጠው ሰው ደግሞ ይህን ከተማ በፖስታ ካርድ ብቻ የሚያውቅ መሆን አለበት። ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7 እስከ 9 ሰዓት! በዚያ ሰዓት እኮ ድሬዳዋ የለችም። ሱቁ ተዘግቷል፣ ፍየሎቹ ከዛፍ ጥላ ሥር ተኝተዋል፣ የባጃጁ ሾፌር እግሮቹን በበሩ አውጥቶ ያንኮራፋል። እኔ ግን ከመጋላ ተነስቼ፣ እንደ ብረት ምጣድ የጋለውን የደቻቱን ወንዝ አሸዋ አልፌ መጣሁ። በደረሰኙ ላይ ዘጠኝ ነጥብ ተጨማሪ አገኘሁ። የገዛሁት ቅቤ ሳይቀልጥ ቤት ልድረስ ብዬ ለባጃጅ 100 ብር ከፈልኩ። ቅቤውም ቀለጠ።

ስለ ቅናሽዎ ብዙ ባልናገር እመርጣለሁ። አንድ ቀን የዱቄት ሳሙና ላይ 980 በቀይ ተሰርዞ 890 ተጽፎ አየሁ። የጣቴ ነገር ሆኖ የወረቀቷን ጠርዝ በጥፍሬ ብሞክራት ተላጠች። ከሥሯ የነበረችው አሮጌ ወረቀት 875 ትላለች። እኔም መልሼ ለጠፍኳትና ገዛሁ፤ ነጥብ አለው።

ባለቤቴ ይህን ሁሉ ዝም ብላ ታየኛለች። እሷ ቀፊራ ገበያ ነው የምትሄደው። ቲማቲም ሻጯ ኪሎውን መዝና ስትጨርስ ባለቤቴ «መርቂኝ እንጂ!» ትላለች፤ ሴትዮዋ እያጉረመረመች ሁለት ቲማቲምና አንድ ቃሪያ ጣል ታደርግላታለች። በቃ። ስልክ ቁጥር አልጠየቀቻት፣ ቅጽ አላስሞላቻት። ምራቂው እዚያው ፌስታሉ ውስጥ ነው፣ ማታ ወጥ ይሆናል። እርስዎ የልጆቼን ብዛት በቅጽ ያውቃሉ፤ ያቺ ሴት ግን ትንሹ ልጄ ታሞ መሰንበቱን ሰምታ ለእሱ ብላ ሦስት ሎሚ ጨምራለች። ካርድ ግን የላትም፣ ምስኪን።

በነሐሴ ወር ቁጭ ብዬ ሒሳቡን ሠራሁት። በወር 6,000 ብር ያህል እንሸምታለን፤ ስልሳ ነጥብ ማለት ነው። ቬንትሌተሩን ለማግኘት 67 ወር፣ አምስት ዓመት ከሰባት ወር ያስፈልገኛል። ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ በረሃውን አቋርጦ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ የገባው አምስት ዓመት ገደማ ተሠርቶ ነው። ማስቲካና ማዮኔዝ እየገዛሁ ከሐዲድ ሥራ ዘገየሁ ማለት ነው። ታይዋን ገበያ ሄጄ ያንኑ ቬንትሌተር ብጠይቅ 4,000 ብር አሉኝ፤ ተከራክሬ 3,200 አደረስኩት። እርስዎ ዘንድ ለዚሁ ዕቃ 400 ሺህ ብር መሸመት አለብኝ። የክቡርነትዎ ውለታ እንግዲህ ከመቶ ብር 80 ሳንቲም ነው፤ እሱንም ካገኘሁት።

አላገኘሁትማ። 783 ነጥብ ይዤ ጳጉሜን ጨረስኩ። መስከረም 1 ቀን ጠዋት፣ ዶሮው ገና ሳይወጣ፣ ስልኬ ጮኸ፦ «እንኳን ለ2018 ዓ.ም. በሰላም አደረሰዎ! ቀሪ ነጥብዎ፦ 0»። ስሮጥ ሄጄ ገንዘብ ተቀባይዋን ብጠይቃት «ነጥብ በዓመቱ ይቃጠላል፤ ቅጹ ላይ አለ» አለችኝ። በዚህ ከተማ የማይቃጠል ነገር ፈልጌ ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።

መቼም እዚያ ድረስ ሄጄ ባዶ እጄን አልመለስ ብዬ ስኳርና ሳሙና ገዛሁ። 430 ብር። «ካርድ አለዎት?» አለችኝ፤ እጄ ሳያማክረኝ ከኪሴ አወጣዎት። ደረሰኙ ግርጌ ላይ ያለውን ነጥብ ባለቤቴ ዘንድ ወስጄ አሳየኋት። አየችው፣ ደረሰኙን አጠፈችና ሳቀች፦ «ታዲያ እሱስ ነግሮህ የለ እንዴ? አራት ነጥብ።»