«ባትሪው ነው» የሚሉኝ ሰዎች ለክተው ያውቃሉ?

በአንድ ዓመት ሦስት ባትሪ። ሦስት! የያዝኩት እኮ ሞተር ነው፣ የባትሪ መጋዘን አይደለም።

ታሪኩ ሁሌም አንድ ነው። ጠዋት እቃ ጭኜ ከፒያሳ ወደ ለገሃር ልወርድ ስነሳ ሞተሩ «ጠቅ» ይላል፣ በቃ። ቸርችል ጎዳና ቁልቁለት መሆኑ በጀኝ። ፎሌ አድርጌ እለቀዋለሁ፣ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮን ስለቅ ይነሳል። ለገሃር ግን ሜዳ ነው። እዚያ ከጠፋ ግፋ እንግዲህ! ዝናቡ ይወርዳል፣ ደንበኛው «የት ደረስክ?» እያለ ይደውላል። የሰው ትዕግስት ስንት ቮልት ላይ እንደሚያልቅ ያኔ ነው የገባኝ።

ጋራዥ ስወስደው መካኒኩ ሞተሩን አያይም፣ እኔን ነው የሚያየኝ። «ባትሪው ነው፣ ቀይረው።» ለካኸው? «ለዚህ ደግሞ ምን መለካት ያስፈልጋል!» ቮልት መለኪያው ቴስተር ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። አውርድልኝ ስለው «እሱ ባትሪ ጨርሷል» አለኝ። በእናታችሁ፣ ይሄን ለማን ይነግሩታል? ከዚያ ሽቦ አንስቶ ፕላሱንና ማይነሱን ነካ አደረገና ብልጭ ሲል «አየህ፣ ደክሟል» አለኝ። ብልጭታ ላይ ቁጥር ተጽፏል እንዴ?

እኔ መሃንዲስ አይደለሁም። ግን ነገሩ ሦስት ቁጥር ነው። ደህና ባትሪ ሞተሩ ጠፍቶ ሲያርፍ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ሞተሩ ተነስቶ ነዳጅ ሲሰጠው ከ13.5 እስከ 14.5 መድረስ አለበት። ንቅንቅ ካላለ ቻርጅ እያደረገ አይደለም። 15ን ካለፈ ደግሞ ቻርጁን የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ልጓሙን ለቋል፣ ባትሪው እየተቀቀለ ነው ማለት ነው። ይሄን ለማወቅ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ለእኔ ግን ሦስት ባትሪ ፈጀ።

ስለዚህ ሞተሩ ላይ የሚገጠም የቮልት መለኪያ ራሴ ልሥራ አልኩ። ኤልኤም 3914 የምትባል ቺፕ አለች። አሥር ትንንሽ መብራቶችን እንደ ቮልቱ መጠን በተራ ታበራለች። መርካቶ ወርጄ ገዛሁ። የመጀመሪያዋ ጽሑፍ ብቻ ነበረች መሰለኝ፣ አንድም መብራት አላበራችም። ሁለተኛዋ ሠራች። ከራዲዮ ጠጋኝ ጎረቤቴ ቴስተር ተውሼ (የእሱ ባትሪ አለው!) የመጀመሪያዋን መብራት 10.5 ላይ፣ የመጨረሻዋን 15 ላይ አስተካከልኩ። በመካከላቸው ግማሽ ግማሽ ቮልት ነው። ሁሉም አንድ ላይ እንዲበሩ ማድረግም ይቻላል፤ ግን ቺፗ ስለምትግል አንዷ ብቻ እንድትበራ አደረግኩ። ቤቷ ምን መሰላችሁ? የባለቤቴ የቅባት እቃ። ቅባቱ ገና አላለቀም ነበር፣ እሱ ሌላ ብሶት ነው፣ የእሷ።

አገጣጠሙ ላይ ግን እኔም ከመካኒኩ አልተሻልኩም። መጀመሪያ በቀጥታ ከባትሪው ቀጠልኳት። በዓል ነበርና ሞተሩ ሦስት ቀን ቆመ። መለኪያዬ ሌት ተቀን ስታበራ ከርማ፣ ድሮም የደከመውን ባትሪ ጨረሰችው። ባትሪ ጠባቂ ብዬ የሠራኋት ባትሪ በላች! ቀጥሎ ከፊት መብራቱ ሽቦ ወሰድኩላት። ቁልፉ ሲዘጋ ትጠፋለች፣ ጥሩ። ግን ያረጀው ሽቦና የቁልፉ ቤት መንገድ ላይ ግማሽ ቮልት ይቀንሱባታል። ሞተሩን ሳልጠራጠር የገዛ ሥራዬን ተጠራጠርኩ። በመጨረሻ ትንሽ ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) ገባ። ቁልፉ ሪሌዩን ብቻ ያዛል፣ መለኪያዋ ቮልቱን የምትወስደው ከራሱ ከባትሪው ነው። ባትሪው ጋ ደግሞ የ1 አምፔር ፊውዝ። ፊውዙን እንዳትንቁት፣ ሽቦው የሚያልፈው ከነዳጅ ታንክ ሥር ነው።

ከዚያስ? በመጀመሪያው ቀን ብሔራዊ ቲያትር ጋ ስደርስ አሥረኛዋ መብራት ቀይ ሆና አፈጠጠችብኝ። 15! ነዳጅ ስቀንስ ትወርዳለች፣ ስጨምር ትመለሳለች። ሬጉሌተሩ ነው። ሦስቱንም ባትሪዎች የቀቀለው እሱ ነው፣ እኔ ደግሞ እየገዛሁ የማበላው።

ሶማሌ ተራ ሄጄ «ኦሪጅናል» የተባለ ሬጉሌተር ገዛሁ። ገጠምኩት። አሁንም 15። መልሼ ስወስደው «የተሸጠ እቃ አይመለስም፣ ይልቅ ባትሪህን አስለካ» አይለኝም? ሳቄም መጣ እንባዬም መጣ። ከሌላ ሱቅ ያገለገለ ገዛሁ። አሁን መንገድ ላይ ስምንተኛዋ መብራት ላይ ጸጥ ብላለች። 14 ማለት ነው።

ጥበቃ በየደረስኩበት «ካሜራ ነው?» ይለኛል፣ ቅባት እቃ ነው ስለው አያምንም። ያ መካኒክ ደግሞ ሰሞኑን አይቷት «ለእኔም አንድ ሥራልኝ» አለኝ። መጀመሪያ ለቴስተርህ ባትሪ ግዛ አልኩት።

ትናንት ላቫጆ ልጁን «ይቺን ብቻ አደራ» ብዬው ነበር። ውሃውን ቀጥታ ለቀቀባት። ስምንተኛዋ መብራት አሁን ጉም ውስጥ ናት። ውሃ የማያስገባ ትንሽ የፕላስቲክ ሳጥን የት እንደሚሸጥ የምታውቁ ውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ባለቤቴ አዲሱን ቅባቷን ደብቃለች።